ለጀርመን ጉዞ የቱን ከተማ? በርሊን፣ ሙኒክ፣ ሐምቡርግ፣ ኮሎኝ ወይስ ምሥራቁ

ጀርመንን ለመጎብኘት የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ከከተሞች ዝርዝር ነው። በርሊን፣ ሙኒክ፣ ኮሎኝ፣ ሐምቡርግ፣ ቢቻል ድሬስደንም። ያላቸው ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት ነው። ይህ አያዋጣም። በየሁለት ቀኑ ሆቴል መልቀቅ፣ ሻንጣ መጎተት፣ የዘገየ ባቡር መጠበቅ ሲደማመር ዕረፍቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አንድ ከተማ ምረጡና እዚያ እረፉ። ጠዋት ሄዳችሁ ማታ የምትመለሱበት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ጨምሩበት። ለአንድ ሳምንት ይህ በቂ ነው። ሁለት ሳምንት ካላችሁ ሁለት ማረፊያ ያዙ።

የከተማው ምርጫ በጀርመን ከሌላው አገር የበለጠ ክብደት አለው። ጀርመን አንድ አገር የሆነችው በ1871 ነው፤ ዓመቶቹንም የቀኑን ሰዓቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ከዚያ በፊት የብዙ ነገሥታት፣ የመሳፍንትና የነፃ ከተሞች ምድር ነበረች። ሙኒክ የባቫሪያ፣ ድሬስደን የሳክሶኒ ገዢዎች መቀመጫ ነበሩ። ሐምቡርግን የሚያስተዳድሯት ነጋዴዎቿ ነበሩ። ኮሎኝን ሮማውያን ቆረቆሯት፣ በኋላም የሊቃነ ጳጳሳት ከተማ ሆነች። እያንዳንዱ ገዢ የራሱን ቲያትር ቤት ሠራ፣ ሥዕል ሰበሰበ፣ ሙዚቀኛ ቀጠረ። ስለዚህ ሁሉን ነገር አንድ ላይ የያዘ ከተማ አታገኙም። ከተማውን ስትመርጡ የትኛውን ባህል እንደምታዩም እየወሰናችሁ ነው።

በርሊን ወይስ ሙኒክ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው። በፈጣን ባቡር 4 ሰዓት ያህል ይራራቃሉ፣ በጠባይ ግን ከዚያም በላይ።

በርሊን የሚኬደው ታሪክ ለማየት ነው። ያውም የሩቁን ዘመን ሳይሆን አያቶቻችንና ወላጆቻችን በሕይወት እያሉ የሆነውን። ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ የከፈለው ግንብ መሠራት የጀመረው ነሐሴ ላይ፣ ኦገስት 13 ቀን 1961 ነው። የተከፈተው ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ነው። ቱሪስቱ ሁሉ የሚሄደው ኢስት ሳይድ ጋለሪ ወደሚባለው 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሥዕል የተሣለበት ግንብ ነው። ለፎቶ ያምራል። ግንቡ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ ለመረዳት ግን በርናወር ሽትራሰ ሂዱ። እዚያ ግንቡና ከኋላው ያለው ባዶ መሬት እንደነበሩ ተጠብቀዋል፣ የጠባቂዎች ማማም ይታያል። በዚያ መንገድ የነበሩት ቤቶች ምሥራቅ በርሊን ውስጥ ሆነው ደጃፋቸው ያለው እግረኛ መንገድ ግን የምዕራብ ነበር። ሰዎች በመስኮት እየዘለሉ አምልጠዋል፣ ሲዘሉ የሞቱም አሉ። በግንቦቹ መሐል የቀረችውን ቤተ ክርስቲያን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1985 በፈንጂ አፈረሳት። ዛሬ በቦታዋ ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራች ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። መግቢያ አይከፈልም። በምሥራቅና በምዕራብ መካከል መሻገሪያ ኬላ የነበረውን ቼክፖይንት ቻርሊን ብትዘልሉት የሚቀርባችሁ ነገር የለም፤ ዛሬ ከሱቆች ሌላ እምብዛም የሚታይ የለውም።

የሙዚየም ደሴት የሚባለው ቦታ አምስት ሙዚየሞች አሉት፣ ከ1999 ጀምሮም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ጴርጋሞን ሙዚየም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል። ከፊሉ በ2027 እንዲከፈት ነው የታቀደው፤ ስለዚህ ለእሱ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ መከፈቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የግብጿ ንግሥት የነፈርቲቲ ምስል ያለው ግን ኖየስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ግብፅ ይመለስልኝ የምትለው ቅርስ ነው፤ ይህን አውቆ ማየት ደግሞ ሌላ ስሜት አለው።

ለእኛ በርሊን ሌላም ነገር አላት፤ ማራቶን። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2007ም በ2008ም የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በ2:01:41 ሲያሸንፍ ከክብረ ወሰኑ የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2:11:53 ገብታ የሴቶቹን ክብረ ወሰን ወሰደች። ሩጫው የሚያልቀው የብራንደንቡርግ በርን አለፍ እንዳሉ ነው፣ ጊዜውም ሴፕቴምበር መገባደጃ አካባቢ ነው። ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት አይከፈልበትም። ሆቴል ግን በዚያ ሳምንት ይወደዳል፤ ከወራት በፊት ያዙ።

ብዙ መመሪያ የማይጠቅሰው አንድ ቦታ ልጨምር። አፍሪካን ለመቀራመት የአውሮፓ መንግሥታት ከ1884 እስከ 1885 የተሰበሰቡበት ቤት ቪልሄልምሽትራሰ የሚባል ጎዳና ላይ ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም፣ የቆመለት የመታሰቢያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ከዓድዋ ድል 11 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቁሮችን በሚያንቋሽሽ ስም ይጠራ የነበረው ጎዳና በ2025 አንቶን ቪልሄልም አሞ ተብሎ ተሰይሟል። አሞ ከዛሬዋ ጋና ምድር በልጅነቱ ተወስዶ በ18ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ፍልስፍና ያስተማረ ሰው ነው። ሰሌዳውንና ጎዳናውን በአንድ ከሰዓት በእግር ማዳረስ ይቻላል፤ ልጆች ያላችሁ በተለይ አትለፉት።

በርሊን ቆንጆ ናት ብዬ አልዋሻችሁም። ሰፊ ናት፣ የተበታተነች ናት፣ ግድግዳዋ በጽሑፍ የተሞላ ነው። በአንድ ቀን የመሐሉን ቦታ እንኳ አታዳርሷትም። ከአራት ቀን በታች አትያዙላት።

ሙኒክ ሌላ ዓለም ናት። ጽዱ ናት፣ በእግር ትታያለች፣ ቀኑ ጥርት ሲል ከከፍታ ቦታ የአልፕስ ተራሮች ይታዩባታል። ማሪየንፕላትስ አደባባይ 11:00 ወይም 12:00 ሰዓት ላይ ከተገኛችሁ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት አሻንጉሊቶች ሲጨፍሩ ታያላችሁ። ከዚያ የምግብ ገበያው ሁለት እርምጃ ነው። እሑድ ቀን አልተ ፒናኮቴክ የሚባለው ታላቅ የሥዕል ሙዚየም ቋሚ ስብስቡን የሚያሳየው በ1 ዩሮ ነው። አልብረሽት ዱረር በ1500 የሣለው የራሱ ምስል እዚያ አለ።

ስለ ቢራ ጓሮዎቹ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በባቫሪያ ባህል ራስን በራስ ማስተናገጃ በሆነው ክፍል የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ መጠጡን ብቻ ከቤቱ ትገዛላችሁ። ለሚጾም ሰው፣ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው፣ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ከቤት የመጣ ምግብ መብላት፣ አጠገብ ካሉት ጀርመኖች ጋር ረጅሙን ጠረጴዛ መጋራት፤ ከሙዚየም በላይ ሕዝቡን የምታውቁበት ቦታ ነው። ቢራ ለማይጠጣ ሰው የፖም ጭማቂ በጋዝ ውኃ የተቀላቀለበት አለ፣ አፕፈልሾርለ ብላችሁ ጠይቁ።

የ1972ቱ የኦሊምፒክ ቦታ እንደ ድንኳን ከተዘረጋው ጣሪያው ጋር አሁንም ሙኒክ ውስጥ አለ፣ መናፈሻው ለሁሉም ክፍት ነው። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ በማራቶን ነሐስ ያገኘው፣ ምሩፅ ይፍጠርም በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ የወሰደው በዚያ ኦሊምፒክ ነው። እዚያው መናፈሻ ውስጥ፣ በኦሊምፒኩ ጊዜ በተፈጸመው የሽብር ጥቃት ለተገደሉት 11 እስራኤላውያን በ2017 የተከፈተ መታሰቢያ አለ። ከእስራኤል የምትመጡ ወገኖች ሳታዩት አትሂዱ።

ከሙኒክ ደርሶ መልስ የሚታሰበው ኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት ነው። የባቫሪያው ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ ማሠራት የጀመረው በ1869 ነው፣ ሳያልቅ በ1886 ሞተ። ባቡሩና አውቶቡሱ ሲደመር ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ የውስጡ ጉብኝት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ከማሪየንብሩከ ድልድይ ላይ ሆኖ ከውጭ ማየቱ ነው። መግባት ከፈለጋችሁ ሰዓት ያለው ትኬት ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ በር ላይ ተሰልፎ ማግኘት አስተማማኝ አይደለም።

ዳሃው ደግሞ ለብቻው ቀን ይገባዋል። ናዚዎች በማርች 1933 የከፈቱት የማጎሪያ ካምፕ ነው፣ ዛሬ ያለ ክፍያ ይጎበኛል። ጠዋት ዳሃው፣ ከሰዓት ቢራ ጓሮ ብላችሁ አትቀላቅሉ። ትንንሽ ልጆችንም ይዞ መሄድ አይመከርም።

ኦክቶበርፌስት ስሙ ኦክቶበር ይበል እንጂ የሚጀምረው በሴፕቴምበር አጋማሽ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በ1810 በአንድ የንጉሥ ልጅ ሠርግ ነው የተጀመረው። መግቢያው ነፃ ነው፤ የማደሪያ ዋጋ ግን ይሰቀላል። ለበዓሉ ብላችሁ ካልሆነ በቀር እነዚያን ሳምንታት ሽሹ።

እንግዲህ ውሳኔው፦ ለአዋቂዎች፣ ለታሪክ ወዳጆችና ለመጀመሪያ ጉዞ በርሊን። ከልጆችና ከወላጆች ጋር ለሚሄድ፣ ተፈጥሮም ለሚፈልግ ሙኒክ። በገንዘብ በኩል ደግሞ ሙኒክ በጀርመን ውድ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። በርሊን ውስጥ በቱርክ ምግብ ቤቶች በርካሽ ጠግቦ መዋል ይቻላል።

ሐምቡርግ ወይስ ኮሎኝ?

ሐምቡርግ ወደብ ናት፣ ሁሉ ነገሯ ከዚያ ይመነጫል። ሽፓይኸርሽታት የሚባለው የቀይ ጡብ መጋዘኖች ሰፈር በውኃ ቦዮች መሐል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የተሠራ ነው። ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቡና፣ ሻይ፣ ቅመማ ቅመምና ምንጣፍ ለብዙ ዓመታት የተከማቸው እዚያ ነው። ጀርመን ከቡናችን ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። ሰፈሩ ውስጥ ባለው የቡና ሙዚየምና የቡና መቁያ ቤት ስትገቡ የእኛ ፍሬ ከማሳ ወጥቶ የት እንደሚደርስ ታያላችሁ።

የሐምቡርግ ጥሩነት ብዙው ነገር ርካሽ ወይም ነፃ መሆኑ ነው። 62 ቁጥር ጀልባ የከተማ ትራንስፖርት ስለሆነች በተራ ትኬት ወደቡን እየቃኛችሁ ትሄዱባታላችሁ፤ ለቱሪስት ጀልባ ብዙ መክፈል አያስፈልግም። በ1911 የተከፈተው አሮጌው የኤልበ ዋሻ 426 ሜትር ይረዝማል፣ ከወንዙ ሥር በእግር በነፃ ይታለፋል። ኤልብፊልሃርሞኒ የተባለው በ2017 የተከፈተ የሙዚቃ አዳራሽ በአሮጌ መጋዘን ላይ ተሠርቷል፤ ኮንሰርት ባትገቡም ሰገነቱ ላይ ወጥታችሁ ወደቡን ማየት ትችላላችሁ። እሑድ ማለዳ የዓሣ ገበያ አለ። በሞቃቱ ወራት 5:00 ሰዓት ጀምሮ 9:30 ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ያመልጠዋል። ልጆች ካላችሁ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባለውን የትንንሽ ባቡሮች ዓለም አትለፉ፤ በዓለም ትልቁ ነው፣ የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ጥናት ትልቅ ስም አለው። በ5 ቅጽ ከ2003 እስከ 2014 የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የተዘጋጀው እዚያ ነው። ለቱሪስት የሚታይ ነገር ባይሆንም፣ ለተማሪና ለተመራማሪ ከተማዋን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ነፋሱና ዝናቡ ግን አያስቀምጥም። በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

ኮሎኝ ላይ ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ካቴድራሉ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ሥራው በ1248 ተጀመረ፣ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ቆየ፣ በ1880 ተጠናቀቀ። ከፍታው 157 ሜትር ነው፤ ማማውን ለመውጣት 533 ደረጃ አለ። ጉልበት ያለው ይውጣ፣ ሊፍት የለውም። ውስጡ ከመንበሩ ጀርባ የወርቅ ሣጥን አለ። የሰብአ ሰገል አጽም እንደሆነ የሚታመነው በ1164 ከሚላኖ መጥቶ ያረፈው እዚያ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከተማዋን የተሳላሚ ከተማ ያደረጋት ይህ ነው። ልደትን በሰብአ ሰገል ታሪክ ላደገ ሰው ሣጥኑ ፊት መቆም ቀላል ነገር አይደለም።

ከካቴድራሉና ከጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኖቿ ሌላ ግን ኮሎኝ ለዓይን የምትማርክ ከተማ አይደለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወድማ በችኮላ ነው መልሳ የተሠራችው። ደስ የሚለው ሕዝቧ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ የሚጀምሩ ጀርመኖችን ማግኘት ከፈለጋችሁ እዚህ ናቸው። የከተማዋ ቢራ ኮልሽ በትንሽ 0.2 ሊትር ብርጭቆ ይቀርባል፤ አስተናጋጁ ሳትጠይቁት ደጋግሞ ያመጣል። በቃኝ ለማለት የካርቶን ማስቀመጫውን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጉት። ካርኒቫሉ የሚከፈተው ኖቬምበር 11 ቀን 11:11 ሰዓት ላይ ነው፣ ዋናው ሰልፍ ግን ከፋሲካ በፊት ካለው የምዕራባውያን ጾም አስቀድሞ ባለው ሰኞ ይውላል።

ቦን ከኮሎኝ ግማሽ ሰዓት ናት። ቤትሆቨን በ1770 የተወለደበት ቤት ሙዚየም ሆኗል። የጀርመን የዘመናችን ታሪክ ሙዚየም ሐውስ ደር ጌሺኽተ መግቢያ አያስከፍልም። ዶይቸ ቬለ ራዲዮም መቀመጫው ቦን ነው። በ1965 የተጀመረው የአማርኛ ስርጭቱ ያኔ ይነሣ የነበረው ከኮሎኝ ነበር።

ኮሎኝ ሁለት ሌሊት፣ ሐምቡርግ ሦስት ወይም አራት። ኮሎኝን ከብራሰልስ ወይም ከአምስተርዳም ጉዞ ጋር ማያያዝ ይቀላል። ብቻዋን ለአንድ ሳምንት ከሁለቱ አንዷን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሐምቡርግን ነው የምለው።

ፍራንክፈርት

ፍራንክፈርትን ለዕረፍት አትምረጡ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበረርባት ከተማ ስለሆነች ብዙዎቻችን የምናርፍባት ናት፤ አንድ ሌሊት ይበቃታል። ሮመርበርግ አደባባይን፣ ገጣሚው ጎተ በ1749 የተወለደበትን ቤትና ከወንዙ ማዶ የተደረደሩትን ሙዚየሞች በአንድ ቀን መቃኘት ይቻላል። የሀበሻ ምግብ ከናፈቃችሁም በቀላሉ ይገኛል። ከዚያ ወደ ባቡሩ።

ላይፕዚግ ወይስ ድሬስደን?

በርሊንን ለመረጠ ሰው ሁለቱም ደርሶ መልስ ይሆናሉ። ላይፕዚግ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ድሬስደን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ላይፕዚግ የሙዚቃ ከተማ ናት። ዮሐን ሴባስትያን ባኽ ከ1723 እስከሞተበት 1750 ድረስ በቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ነበር። መቃብሩም እዚያው ነው። በ1212 የተመሠረተው የወንዶች ልጆች መዘምራን ጉባኤ ዛሬም በትምህርት ወቅት ዓርብ 18:00 ሰዓትና ቅዳሜ 15:00 ሰዓት ላይ ይዘምራል። የምትከፍሉት ጥቂት ዩሮ ነው። ዘፈን ተቀድቶ ከመስማትና ለቦታው የተጻፈውን ዜማ በቦታው ከመስማት የቱ እንደሚሻል መናገር አያስፈልገኝም። ቀናችሁን ከዓርብ ወይም ከቅዳሜ ጋር አስማሙት።

ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጥቂት እርምጃ ነው። በ1980ዎቹ በየሰኞው ለሰላም የሚጸልዩ ሰዎች ይሰበሰቡበት ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን 1989 ከጸሎቱ በኋላ 70 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወደ ጎዳና ወጣ። ወታደርና ፖሊስ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ግን አልተኮሰም። ከአንድ ወር በኋላ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በርሊን ላይ ግንቡን አይታችሁ ላይፕዚግ ላይ ይህን ቤተ ክርስቲያን ስታዩ ታሪኩ ይሟላላችኋል። ሁለቱን አንድ ላይ የምመክረውም ለዚህ ነው።

ድሬስደን ለዓይን ነው። በፌብሩዋሪ 1945 በቦምብ ተቃጠለች። የፍራወን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ለአሥርታት እንዲሁ ተቀምጦ ቆይቶ፣ እንደገና ታንጾ በ2005 ተከፈተ። ግድግዳው ላይ የጠቆሩት ድንጋዮች ከአሮጌው ሕንፃ የተረፉት ናቸው። ጽቪንገር በተባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ የራፋኤል የሲክስቲን እመቤት ሥዕል አለ፤ ከሥር ክንዳቸውን ተደግፈው ሽቅብ የሚያዩትን ሁለት ትንንሽ መላእክት የማያውቅ የለም። ከከተማው በከተማ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ብትሄዱ የባስታይ ድልድይ ያለበት የድንጋይ ገደሎች አገር ትደርሳላችሁ። ሥዕልና ተፈጥሮ ለሚወድ ድሬስደን ይሻላል። ያውም ሁለት ሌሊት አድሮ።

አንድ ጥያቄ ስለሚነሣ ልመልሰው፦ ለጥቁር ሰው ምሥራቁ ያሰጋል ወይ? በላይፕዚግና በድሬስደን መሐል ከተማ በቀን መዘዋወር ችግር የለውም። ዘረኛ ቃልና ማስፈራራት የሚያጋጥማቸው ሰዎች መኖራቸው ግን እውነት ነው፣ በተለይ በትንንሽ ከተሞችና ማታ ሲመሽ። ምሽት ላይ ባዶ ጣቢያ ቆሞ መጠበቅን የሚያስቀር የባቡር ሰዓት ምረጡ። አደጋ ካለ 110 ፖሊስ ነው።

ኤርፉርትና ጎታ፦ ለአማርኛ አንባቢ

ይህን መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ጀርመን ለሚሄድ ሰው ከሙኒክም ከሐምቡርግም አስቀድሜ የምጠቁመው ይህን ነው።

ኤርፉርት በበርሊንና በሙኒክ መካከል፣ ፈጣኑ ባቡር የሚቆምባት መካከለኛ ከተማ ናት። ጦርነቱ ብዙም አልጎዳትም። ክሬመርብሩከ የሚባል በላዩ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች የተደረደሩበት ድልድይ አላት። ማርቲን ሉተር የመነኮሰበት ገዳም እዚያ ነው። ከፊሉ የ11ኛው መቶ ዘመን የሆነው አሮጌው ምኩራብ በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ማደሪያውም ከሙኒክ ጋር አይወዳደርም፣ ርካሽ ነው።

በዚች ከተማ በ1624 ሂዮብ ሉዶልፍ ተወለደ። ወጣት ሆኖ ሮም በሄደበት በ1649 ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ሁለቱ መጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዛቸውና ፍሪደንሽታይን በተባለው ቤተ መንግሥት ከሉዶልፍ ጋር ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ እምነትና ቋንቋ ለወራት ሲነጋገሩ ቆዩ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ንግግር የወጡ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፎቹን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬም ቆሟል። ከኤርፉርት በባቡር ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። ውስጡ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የመድረክ ማሽን እስካሁን የሚሠራ ቲያትር ቤት አለ። አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከ370 ዓመት በፊት የተመላለሰበት ግቢ ነው፤ ይህን እያሰቡ በአዳራሾቹ ማለፍ ለእኔ ከብዙ ታላላቅ ሙዚየሞች ይበልጥብኛል። ቫይማርም ከኤርፉርት ሩብ ሰዓት ናት፤ ገጣሚዎቹ ጎተና ሺለር የኖሩባት፣ ባውሃውስ የተባለው የሥነ ሕንፃና የንድፍ ትምህርት ቤት በ1919 የተመሠረተባት፣ የናዚዎች ማጎሪያ የነበረው ቡኸንቫልድ ካምፕም በኮረብታዋ ላይ ያለባት ከተማ ናት።

መቼ? ምግብስ?

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ቀኑ ረጅም ነው፣ በጁን እስከ 21:30 ድረስ ብርሃን አለ። በዲሴምበር በርሊን ላይ 16:00 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ያም ሆኖ ለገና ገበያ ብለው በክረምት የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ዋዜማ ይቆያል። የድሬስደኑ ከ1434 ጀምሮ ያለ ነው፣ የኑረምበርጉም ዝናው ትልቅ ነው። ለእኛ ሰው ግን ጊዜው ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል። ቋሊማውና አይብ የፈሰሰበት ዳቦ ለጿሚ አይሆንም። የተቆላ ለውዝ፣ ቼስትነት የሚባል የተጠበሰ የዛፍ ፍሬና የተጠበሰ እንጉዳይ አለ፤ እንጉዳዩ በዘይት ይሁን በቅቤ መሠራቱን ጠይቁ። የድንች ቂጣው ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት።

የድሬስደን ሽቶለን ዳቦ ታሪክ ይህን ጾም ይመለከታል። ድሮ በጾም ወቅት ቅቤ ስለማይፈቀድ በዘይት ነበር የሚጋገረው። የሳክሶኒ መሳፍንት ደጋግመው ለምነው በ1491 የሮማው ጳጳስ ቅቤ እንዲገባበት ፈቀዱ። የዛሬው ሽቶለን በቅቤ የተሞላው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ከፋሲካ ወይም ከልደት በኋላ ለመብላት ገዝታችሁ አስቀምጡት፣ ይቆያል።

በሌላ ጊዜ ለጾም ምግብ በርሊንን የሚያህል የለም። ምናሌው ላይ «ቪጋን» የሚለውን ፈልጉ። ሃላል ለሚፈልግም በርሊን ውስጥ ኖይኮልንና ክሮይትስበርግ ሰፈሮች አሉ።

ባቡር፣ ቪዛና ቀጠሮ

ፈጣኑ ባቡር አይሲኢ ቀደም ብለው ከገዙት በጣም ይረክሳል፣ በዕለቱ ከገዙት በጣም ይወደዳል። ልዩነቱ የእጥፍ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፤ ትኬቱን ስትገዙ ግን ቁጥራቸውን አስመዝግቡ። ባቡር ይዘገያል፣ መስመርም ለእድሳት ይዘጋል። በሚቀያየሩ ሁለት ባቡሮች መሐል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉ፣ የመመለሻ አውሮፕላን ባላችሁ ቀን ደግሞ ከዚያ አብልጡት።

ዶይችላንድቲኬት የሚባለው ወርኃዊ ትኬት ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ 63 ዩሮ ነው። በመላው አገሪቱ የከተማ ትራንስፖርትና የክልል ባቡሮችን ያካትታል፣ ፈጣኑን አያካትትም። ሁለት ሳምንት ለሚቆይ ሰው ያዋጣል። የሚሸጠው በደንበኝነት ስለሆነ በየወሩ ይታደሳል፤ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ሰርዙት።

እሑድ ሱቅና ሱፐርማርኬት ይዘጋል፣ ጣቢያ ውስጥ ያሉት ብቻ ይከፈታሉ። ሰኞ ደግሞ ብዙ ሙዚየሞች ይዘጋሉ። ስለዚህ እሑድን ለሙዚየም፣ ሰኞን ለመናፈሻና ለደርሶ መልስ ጉዞ አድርጉ። የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም መያዣ አለው፤ ባዶውን ወደ ሱፐርማርኬት ማሽን መልሱ። ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ትንንሽ ቤቶች አሁንም ስላሉ ኪሳችሁ ውስጥ ጥቂት ዩሮ አይጥፋ።

በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ያለ ተጨማሪ ቪዛ ትገባላችሁ። ከኢትዮጵያ ወይም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትመጡ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና ይጠየቃል። ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ስለሚዘገይ በጊዜ ጀምሩ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬትና ሆቴል አትግዙ።

ቪዛው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዘው ሰዓት ያለው መግቢያ ነው፦ ኖይሽቫንሽታይን፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ፣ በድሬስደን ታሪካዊው አረንጓዴ ግምጃ ቤት፣ በበርሊን የፓርላማው የመስታወት ጉልላት። ጉልላቱ በነፃ ነው፣ ግን በኢንተርኔት ተመዝግቦ ነው የሚገባው። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ፣ በዕለቱም ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ያለውን ሰዓት ያዙ።